ዘላኑ አያቴ

ልጅ ሳለሁ ከብት ሁሉ የሚወለደው ጣና ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

ብሳሳትም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤታችን የጉማራ ወንዝ ጣናን ከሚቀላቀልበት አጠገብ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው በመጨረሻ ከሚያገኛቸው ቤቶች አንዱ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ራሱ ባሕር ይሆናል። እኛም ከፍ ባለችው ጉብታ ላይ እንደ ዶሮ ተኮልኩለን መስከረም እስኪጠባ እንጠብቃለን። ውኃው ሲሸሽ ጥቁር፣ ለስላሳ መሬት ትቶ ይሸሻል፤ መሬቱም ሣር ያበቅላል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ከደንገሉ ላይ ሳይነሣ፣ ከባሕሩ በኩል ድምፅ ይመጣል።

መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል። እየቀረበ ሲመጣ ትንፋሽ ይሆናል፤ የመንጋ ትንፋሽ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ ነጭ ግንባር ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሜዳውን የሚሞላ ቡራቡሬ ከብት፣ ቀንዱ አጭር፣ ሻኛው የጎጇችንን ጣራ የሚያክል፣ እስከ ደረቱ ከውኃ እየወጣ ይመጣል። ከኋላ ረጃጅም ሰዎች የላሞቹን ጭራ ይዘው ይወጣሉ። ልብሳቸው ይንጠባጠባል። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ መተንፈስ እረሳለሁ።

«ዘላኖቹ መጡ» ይላል አባቴ አለበል። «ዜማን ወደ ቤት አስገቢያት።»

እናቴ ባንቺአየሁ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች።

ዛሬ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሰዎቹ ከባሕር እንዳልወጡ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ከፍተኛ ቦታ ረግረጉን እያቋረጡ ይመጡ እንደነበር ካወቅሁ ቆየሁ። ቢሆንም ያን ማለዳ ሳስበው ዛሬም ከባሕሩ ሲወጡ ነው የማያቸው።

ስለ እነሱ ብዙ ይወራ ነበር። ጎረቤታችን አያ ሀዲስ «ዘላን ርስት የለው፣ አገር የለው፤ አገሩ የላም ጭራ ነው» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ እቀና ነበር። ጭራ ያለው፣ እየተራመደ የሚሄድ አገር! የእኛ አገር ግን ቆሞ ቀርቷል። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከአጥሩ በር ውጭ ይቆማሉ፤ እንደ እኛው ማተብ አላቸው፣ እንደ እኛው ይጾማሉ፣ ግን አይገቡም። ቁመታቸው በበሩ አልገባ ብሎ ነው ብዬ አምን ነበር። ከእኛ ሰው ልጁን ለእነሱ የሚድር፣ ከእነሱም የሚያገባ እንደሌለ፣ ገፍተው ቢገቡም ማንም አጠገባቸው እንደማይቆም ማን ይነግረኛል? እነሱ ራሳቸውንም ዘላን አይሉም። «ባለከብት ነን» ይላሉ።

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ሽንኩርት አገሩን አሳበደው። የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው ሁሉ ከወንዝ ዳር እስከ ባሕሩ ያለውን መሬት ማረስ ጀመረ። ከብቶቹ ወደ ውኃው የሚወርዱበት፣ የማንም ያልሆነ፣ እንደ ገበያ ሰፊ የሆነ መንገድ ነበር፤ ጥንትም ሲወርዱበት የኖሩት። እሱንም አረሱት። መጀመሪያ ያረሰው አባቴ ነው።

ከብቶቹ መጡና መንገዱ ላይ ሽንኩርት በቅሎ አገኙ። በዚያው ዕለት አንድ ሽማግሌ ደጃችን መጡ። ስማቸው ባምላክ ነው። ፀጉራቸው ቅቤ የጠጣ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ከእኔ የሚረዝም ሽመል። አባቴ ግባ አላላቸውም።

«አለበል፣ ከብቱ በምን በኩል ይውረድ?»

«በማዶ ዙሩ።»

«ማዶው ማጥ ነው። ጥጃ ይውጣል።»

«እንግዲህ መሬት ያለው መሬቱን ያርሳል።»

ሽማግሌው ሽመላቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩት። «ለእኛም መሬት ነው» አሉ። «እንሄድበታለን እንጂ አናርሰውም። መሄድም ሥራ ነው፣ ልጄ።»

አባቴ ፊቱን አዞረ። እኔ የማየው የሽማግሌውን አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ የበሬ ሰኮና ያህል ወፍራም ነበረ።

ከዚያ አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ከሽንኩርቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። ከብት አገሣ፤ ሰው «ኧረ በሕግ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ መጣ፤ ከእግር እስከ ራሱ ረጥቦ ነበር። እናቴ ጓሮ አስቀምጣ በእንስራ ውኃ እያፈሰሰች ታጥበው ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በርዷታል ብዬ ነጠላዬን አመጣሁላት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኋት።

«ውኃ ውስጥ ወድቆ ነው።»

ሲነጋ አባቴ የለም። «ደሴት ላይ ጠበል ሄዷል» አሉኝ። ጎረቤቶች መጥተው ያለ ወሬ ተቀመጡ። አያ ሀዲስ ብቻ በረጅሙ ተንፍሶ «ደም ገባ በመካከላችን» አለ። እኔ ሹልክ ብዬ ወደ ወንዙ ሮጥሁ፤ ደሙ ከገባ ውኃው መቅላት አለበት። ጉማራ እንደ ሁልጊዜው ደፍርሶ ይሄድ ነበር። ከሜዳው ማዶ፣ ከዘላኖቹ ሰፈር፣ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ዘፈናቸው ደስ አለኝና ደንገል ሥር ተቀምጬ አዳመጥሁ።

ዘፈን አልነበረም። የሽማግሌው አንድያ ልጅ አምባቸው የተጠማውን ከብት በሽንኩርቱ መካከል ሊያሳልፍ ሲነዳ አባቴ በዱላ ራሱን መታው፤ ወጣቱም በአፉ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ ከወደቀበትም አልተነሣም። አባቴ ሊያነሣው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ነበር የረጠበው። ደንገል ሥር ሆኜ የሰማኋቸው የአምባቸው እናት ወለተ ኪዳን ናቸው። ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሩዝ እያበጠርን ሳለን ነው። ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም ሩዙን መልቀም አላቆምሁም።

ያኔ ግን አላውቅም። ከሁዳዴ በፊት ትልልቅ ሰዎች ከእኛ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኛ ሲመላለሱ ሰነበቱ። «ደም ሊደርቅ ነው» ይሉ ነበር። ደም እንዴት ይደርቃል? እንደ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ? በየጓሮው እየዞርሁ የተሰጣ ነገር ፈለግሁ።

ሜዳውና እርሻው በሚገናኙበት ቦታ ትልቅ ሾላ አለ። አንድ ጠዋት እናቴ ንጹሕ ቀሚስ አልብሳ ወደዚያ ወሰደችኝ። በአንድ በኩል የእኛ ሰዎች፣ በሌላው በኩል ባለከብቶቹ ቆመዋል፤ በመካከል ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው። ከባለከብቶቹ ኋላ መንጋው ሜዳውን ሞልቶት ነበር። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ የቆመ ከብት አይቼ አላውቅም። ሣር አይግጥም። ሁሉም ወደ ሾላው ዞሯል፤ እስትንፋሱ በጠዋቱ ብርድ እንደ ጭስ ይወጣል። የቅዳሴ ሰዓት መሰለኝ።

አባቴ ከደሴቱ ተመልሶ ነበር። ከስቷል። ባዶ እግሩን፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ መጣ። ለሽማግሌው ቤት መሠረት ሊጥልላቸው ነው ብዬ አሰብሁ፤ ቤታቸው የደንገል ነበርና።

ከአስታራቂዎቹ አንዱ ስለ ካሳ መናገር ጀመረ። ይህን ያህል ላም፣ ይህን ያህል በሬ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ከብት አለኝ» አሉ። «የጎደለኝ ልጅ ነው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከመንጋው አንድ ጥጃ እናቷን ጠራች፤ እናቷም መለሰችላት።

ሽማግሌው ሽመላቸውን ጥለው ወደ አባቴ ሄዱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሚጭኑት ይሁን የሚያወርዱት አይታወቅም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ እንደያዙት ቆሙ፤ ክንዳቸው ሲርገበገብ አየሁ። ከዚያ አወረዱትና ወደ ጎን አንከባለሉት።

«ማር አምጡ።»

ከእኛ በኩል በቅል ማር መጣ። ያን ወፍራም አውራ ጣታቸውን ነከሩና ለአባቴ ዘረጉለት።

«ጥባ።»

ባለከብቶቹ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ እንዴት ወተት እንደሚያስለምዱ አይቻለሁ፤ ጣታቸውን ወተት ውስጥ ነክረው ያጠቧታል። አባቴ፣ ያ ሲቆጣ ውሻ የሚደበቅለት አባቴ፣ ተንበርክኮ አፉን ከፈተና እንደዚያች ጥጃ ጣታቸውን ጠባ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የእናቴን ፊት ሳይ ዋጥሁት።

ቄሱ መስቀሉን በሁለቱም ራስ ላይ አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ ባምላክ አባት፣ አለበል የጡት ልጅ ነው። ያፈረሰውን እግዜር ያፍርሰው።» «አሜን» አለ ሰዉ። መንጋው እንደገና ሣር መጋጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይም እኔ ያኔ ነው የሰማሁት።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ። «አንቺስ ማን ትባያለሽ?»

«ዜማ።»

«አያትሽ ነኝ» አሉ፤ ጣታቸው ላይ የቀረውን ማር ግንባሬ ላይ ቀቡኝ።

ሁለቱም አያቶቼ ሳልወለድ ሞተዋል። አያት ግዙልኝ እያልሁ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ መስቀል፣ ያ ድንጋይ የተሰበሰበው ለእኔ አያት ለመስጠት ነው ብዬ አመንሁ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እናቴ ላይ ተጠመጠምሁ።

አንዲት ሴት ብቻ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ መንጋውን ታያለች። ሥርዓቱ ሲያልቅም አልዞረችም።

«እኒያ ማናቸው?» አልሁ።

«እማማ ወለተ ኪዳን ናቸው። የአያትሽ ሚስት።»

«ለምን አያናግሩንም? ዲዳ ናቸው?»

«ዝም በይ» አለችኝ እናቴ። እኔ አዎ ማለቷ መሰለኝ።

በማግሥቱ አባቴ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሄደ። ባሕር ዳር የመንግሥት ሥራ አግኝቷል ተባልሁ። የመንግሥት ሰው መጥቶ የወሰደው ሌላ ማን አለ? ለእኩዮቼ ሁሉ አወራሁ፤ ማንም አላስተባበለኝም።

ግንቦት ሲገባ የእርሻ ጭንቀት መጣ። አያ ሀዲስ «ባንቺአየሁ፣ መሬቱን ለእኩል ስጪኝ። ያልታረሰ መሬት ጠላት ያበዛል» አላት። ሌላም ሰው መጥቶ እንዲያው አለ። እናቴ ለአንዱ ብትሰጥ ሌላው የሚቀየም ሆነና ዝም ብላ ሰነበተች። ይህን አያቴ ሰሙ። አንድ ጠዋት ቀንበር ያላዩ ሁለት ወይፈኖች እየነዱ መጡ።

«ሞፈሩ የት አለ?» አሉ።

«አባባ፣ አንቱ አርሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ልጄ ግን ያውቅ ነበር፤ መሬቱ እሱ እስኪመጣ እንዳይረሳው ነው» አሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ ሳትወጣ ብዙ ቆየች። ልጄ ያሉት አባቴን ነው።

ወሬው እንደ እሳት ሄደ። ዘላን ሊያርስ ነው! ሰው ሥራውን ትቶ ዳር ዳር ቆመ፤ ሴቶች ሳይቀሩ። አያቴ ቀንበሩን ሲጭኑ አንዱ ወይፈን ተኛ፤ ሲያነሡት ሌላው ተኛ። ሕዝቡ ይስቃል። በመጨረሻ ተንቀሳቀሱ፤ ማረሻው አንዴ ጠልቆ አንዴ ተንሳፍፎ ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። እኔ በጣም አደነቅሁ። የእኛ ሰዎች ትልም ዱላ ነው፣ ቀጥ ያለ፤ አያቴ ግን ጉማራን መሬት ላይ እየሣሉት ነበር፣ ከነኩርባው።

ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ገባ። የወይፈኑን አንገት አቅፈው «አይዞህ» ሲሉት ሰማሁ። «እኔም አላውቀውም።»

ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ አያ ሀዲስ መሳቅ አቆመ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ጠይቄው «ከብቶቹ አሳዝነውኝ ነዋ» ነው ያለኝ። ጫማውን አወለቀና ወደ እርሻው ገባ።

«ይልቀቁት፣ አባባ። እርፉን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ብቻህን አይሆንም። ከፊት ልምራልህ።»

አያ ሀዲስ እያረሰ፣ አያቴ ከፊት ወይፈኖቹን በስማቸው እየጠሩ ሲሄዱ ዋሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በማግሥቱ ሁለቱ የየራሳቸውን በሬ ይዘው መጡ። ለእኩል የጠየቀ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም። እርግጥ መንደሩ «የዘላን ዘመዶች» ማለቱን አልተወም። ልጆችም «የዘላን ልጅ!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሹመት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ።

በዚያው ሰሞን አያቴ አባቴን እንድጠይቅ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዘንባባ ሳይም፣ ባጃጅ ሳይም። ከተማውን አልፈን ከረጅም ግንብ ሥር ደረስን። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ቆመዋል። ሕዝቡ ተሰልፎ ይፈተሻል፤ ምግብ ያመጣ ሁሉ ፊት ለፊት እንዲቀምስ ይደረጋል። ንጉሥ ከመብላቱ በፊት ምግቡ ይቀመሳል ሲባል ሰምቻለሁ። አባቴ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው መሆኑን አለማወቄ!

ጠባቂው የአባቴን ስም ጽፎ የአያቴን ሽመልና ቅቤ የጠጣ ፀጉር ከላይ እስከ ታች አየ።

«አንተ፣ ለአለበል ምኑ ነህ?»

ሽማግሌ ሰው አንተ ሲባል ሰምቼ አላውቅምና ጆሮዬ ጋለ።

«አባቱ ነኝ።»

«ዘላን አይደለህም እንዴ?»

«ዘላንም አባት ይሆናል» አሉ አያቴ። ቅሉን ከፍተው ከወተቱ ተጎነጩና ለጠባቂው ዘረጉለት። «አንተም ቅመሰው፤ የማለዳ ነው።» ጠባቂው ቀመሰ። ከዚያ በሩን ሲከፍት «ይግቡ» አለ።

አባቴ ከሽቦ አጥር ማዶ ከብዙ ወንዶች ጋር ተቀምጦ ሹራብ ይሠራል። የሹራብ ሠራተኞች አለቃ ሆኗል ብዬ ገመትሁ። ሲያየን ብድግ ብሎ መጥቶ በሽቦው በኩል የአያቴን ጣቶች ሳመ። ከዚያ የተነጋገሩት ስለ ከብት ነው።

«ቡሬ ወለደች» አሉ አያቴ።

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«እሰይ።»

«እማማስ?» አለ አባቴ በመጨረሻ። አያቴ ቅሉን ከደኑት። «ታልባለች» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሰኔ ደረሰና ባለከብቶቹ ውኃው ሳይመጣ ሜዳውን ለቅቀው የሚወጡበት ጊዜ ሆነ። ጉማራ ሞልቶ ነበር። ከብቱ በዋና ነው የሚሻገር፤ ጉማሬም ስላለ ሰው ሁሉ ይፈራል። እኔ ከጉብታው ሥር ሆኜ አየሁ። መንጋው ወንዙ ዳር ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ላም ገባች፤ ሁሉም ተከተሏት። ወንዙ ጠፋ፤ ቀንድና አፍንጫ ብቻ ሆነ፤ ጠቅላላ ሜዳው ተነሥቶ የሚዋኝ መሰለ። ወጣቶች ጭራ ይዘው ይጮኻሉ፤ ደፍራሹ ውኃ በከብቱ ሙቀት ጭጋግ ያወጣል። የቆምሁበት መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ትልቅ ነገር አይቻለሁ፤ ያን የሚያህል ግን አላየሁም።

በመካከል አንዲት ጥጃ ከመንጋው ተለየች። ጎርፉ ወደ ባሕሩ ይወስዳት ጀመር። ያኔ ከማዶ አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ነዪ! ነዪ፣ የእኔ ጉም! ወደዚህ፣ ወደ እናትሽ! ነዪ!»

ወለተ ኪዳን ነበሩ። ነጠላቸው ወድቆ፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይጠራሉ። ድምፃቸው በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ እንደ መለከት አለፈ። ጥጃዋ አንገቷን አዞረች። ታገለች። ድምፁን እየተከተለች፣ እየሰመጠች እየወጣች፣ ዳር ደረሰች፤ ሴትዮዋም ጭቃው ውስጥ ተቀምጠው አቀፏት።

እኔ ወደ ቤት በረርሁ።

«እማዬ! ተአምር! ዲዳዋ ተናገሩ! እማማ ወለተ ኪዳን ተናገሩ!»

እናቴ እህል እያነፈሰች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። «ለማን ተናገሩ?»

«ለጥጃዋ!»

ፊቷ ላይ የወጣው ነገር ወዲያው ጠፋ። «ለጥጃዋማ ይናገራሉ» አለችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የደስታ ነው ብዬ አብሬያት አለቀስሁ።

ሴትዮዋ ዲዳ አልነበሩም። አያቴ አባቴን ልጅ ያደረጉት ሚስታቸውን ሳይጠይቁ ነው። «ጣቱ ያንተ ነው፤ ጡቱ ግን የእኔ ነው» ብለዋቸው ነበር በዚያ ጠዋት ከሾላው ሥር ሲመለሱ፤ ከዚያም ለቤታችን ሰው ቃል ላለመተንፈስ ማሉ። አያቴ ክፉ አልተናገሯቸውም። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ በየበዓሉ መሶብ ትልክላቸዋለች፣ መሶቡ ሳይከፈት ይመለሳል። እኔ ደግሞ አያቴ ጋ ስሄድ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቃላት ላስተምራቸው እሞክር ነበር። «ው-ኃ» እላቸዋለሁ። «ላ-ም።» ያዩኛል። አንድም ቀን ግን አላባረሩኝም።

አባቴ በአመክሮ የወጣው ከዚያ ወዲያ ሌላ ክረምት፣ ደግሞ ሌላ ካለፈ በኋላ ነው። ሜዳው ላይ ሩዝ በርክቶ የባለከብቶቹ ሰፈር አንሶ ነበር። ዛሬ ደግሞ ዳርቻውን እምቦጭ አልብሶታል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወረታ ገብተው ቤት ሠርተዋል። አያቴ ግን እስከ መጨረሻቸው ከብቱን አልተዉም። ሲሞቱ አባቴ እንደ ልጅ ራሱን ተላጭቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ውስጥ፣ ከእኛው ሰዎች መካከል ቀበራቸው፤ አንድም ሰው አልተቃወመ።

አባቴ የተመለሰ ዕለት እኔና አያቴ እስከ አስፋልቱ ወጥተን ተቀበልነው። ፌስታል ብቻ ነው የያዘው። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ እጁን ልጎትት ብሞክር አልተጎተተልኝም። ሜዳውን አቋርጦ ወደ ባለከብቶቹ ሰፈር ሄደ። እኔና አያቴ ከኋላ ተከተልን።

የማለቢያ ሰዓት ነበር። እማማ ወለተ ኪዳን ላም ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ ጫማውን አወለቀና ራቅ ብሎ ቆመ። አያቴ ጥጃዎቹን ሊያስሩ ሄዱ፤ በፍጥነት ነው የሄዱት። ሴትዮዋ አባቴን አዩት። ማለባቸውን አላቋረጡም። ወተቱ ማለቢያው ግሬራ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል፤ መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ፣ ዕቃው እየሞላ ሲሄድ ወፍራም። አባቴ ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር። ፀሐይዋ ገና ስላልጠለቀች ሞቆት ነው አልሁ።

ላሟን ፈተው ለቀቋት። አረፋው አፉ ድረስ የሞላውን ግሬራ ይዘው መጡና ፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ» አሉ።

ሰውነቴ ሁሉ ቆመ። ያስተማርኋቸው ሠርቶላቸው!

«አቤት፣ እማማ!»

«ይህን ለአባትሽ ስጪው። የአምባቸው ድርሻ ነው። ጠጣ በይው።»

ግሬራው ከባድና ትኩስ ነበር። እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዤ ወሰድሁለት። «ጠጣ አሉህ» አልሁት። «የአምባቸው ድርሻ ነው አሉ። አባዬ፣ አምባቸው ማነው?»

አባቴ ግሬራውን ተቀበለኝ። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ጥርሱ ከዕቃው ጋር ይጋጭ ነበር። ጠጣ። ሳያቋርጥ፣ ሳይተነፍስ ጠጣ፤ ወተቱ በአገጩ፣ በደረቱ ወረደ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ባሕር ዳር ምን ያህል ቢያስጠሙት ነው ብዬ አሰብሁ።

ሲጨርስ ዕቃውን ለእኔ ሊሰጠኝ ዞረ። እሳቸው ግን ሄዱና ከእጁ ተቀበሉት። አዩት። ከእሳቸው በቁመት እጅግ ይበልጣል፤ ቀና ማለት ነበረባቸው።

«ይጨመርልህ?» አሉት።

አባቴ ባዶ እጆቹን እንደገና ዘረጋላቸው።